ለክፍል ሁለት የተተከለ ድንኳን

እናቴን ሽጉጥ ይዛ ያየኋት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗት ነበር፤ በሕይወቷም ከማማሰያ የከበደ መሣሪያ አንስታ አታውቅም።

ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ እየተመለስኩ ነበር። መተሐራን ስናልፍ ረዳቱ ከሹፌሩ በላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ከፈተ። የአማርኛ ፊልም ነው። በትንሽ ገንዘብ መሠራቱ ከድምፁ ያስታውቃል፤ ሰው ሲናገር ነፋሱ ይበልጠዋል። አንዲት ሴት ሲጋራ እያጨሰች ሦስት ወንዶች ልጆቿን ታሰልፍና፣ "ባዶ እጃችሁን ብትመለሱ ቤቴ አትገቡም" ትላለች። የድርቁ ዘመን ሽፍቶች ናቸው፤ እናትና ልጆች ሆነው የእህል ባቡር ይዘርፋሉ። ብዙም ልብ አላልኩትም። በኋላ ግን ትንሹ ልጅ ከቆመ ፉርጎ ሥር በጀርባው ተጋድሞ የእንጨቱን ወለል በእጅ መሰርሰሪያ ሲበሳ፣ ስንዴው በቀዳዳው ወደ ጆንያው ሲፈስ፣ ሲሞላለትም ቀዳዳውን ግራሶ በተቀባ ውታፍ ሲደፍነው አየሁ። ይህን ማንም ተቀምጦ ሊፈጥረው አይችልም። የወንድሜ ዘዴ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ፊቴን አይቶ ፊልሙን የወደድኩት መሰለው። "ምርጥ ነው አይደል እማማ? ክፍል ሁለትም ሊሠራ ነው አሉ" አለኝ።

"እንዲያ ነው?" አልኩና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መጨረሻው ላይ ትንሹ ልጅ ድልድይ ላይ በጥይት ይወድቃል። ከዚያ፣ "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" የሚል ጽሑፍ ወጣ።

እውነተኛውን እኔ ልጻፈው። ስም አልጠራም። ለእነሱ ክብር ብዬ አይደለም፤ የአንዱን ከጠራሁ የሁሉንም መጥራት አለብኝ፣ ያን ያህል ወረቀት የለኝም።

ሦስት ወንዶች ልጆች አልነበሩም። አንድ ወንድና አንድ ሴት ነበርን። አባታችን አዋሽ ላይ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ ነበር፤ ወባ ወሰደው። ወንድሜ በጫኝና አውራጅነት ስለተቀጠረ የባቡር ሰፈሩን ቤት አላስለቀቁንም። እኔ መልካ ወረር አንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ እመታ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ነው ወደ ቤት የምመጣው።

በድርቁ ጊዜ ከጅቡቲ የሚመጣው እህል ሎኮሞቲቭ እስኪገኝለት አዋሽ ላይ ይቆም ነበር። ሕዝቡ ፉርጎውን እያየ ይራባል። ወንድሜ መሰርሰሪያውን ያመጣው ያኔ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ጆንያ ከአልጋው ሥር ስታገኘው በማማሰያ ትከሻውን መታችው፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በማግስቱ ጣሳ አወጣችና ለጎረቤት መስፈር ጀመረች። ይህን የባቡር ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቃል። በጓሮ በር ይገቡ ነበር። ከሚገቡት አንዷ የእድራችን ዳኛ ሚስት ነበረች፤ ድስቷን በነጠላዋ ሸፍና ትመጣለች፣ ስትወጣ ግን ድስቱን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። እኔም በልቻለሁ። አልደብቅም።

አንድ ጠዋት ጠባቂዎች ሐዲዱ ላይ አገኙትና ተኮሱ። አብረውት የነበሩት ሁለት ጓደኞቹ አመለጡ፤ እሱ ቀረ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቴና እኔ የጥበቃው አዛዥ ዘንድ ሄደን አስከሬኑን ጠየቅን።

"ተቀብሯል" አለ።

"የት?" አለች እናቴ።

"ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

ከዚያ ወደ እድሩ ዳኛ ሄድን። እናቴ አባቴ ከሞተ ጀምሮ አንድ ወር ሳታስተጓጉል የከፈለች ሴት ናት። እሷ ገባች፣ እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ድንኳኑ እንዲተከል፣ ጥሩምባው እንዲነፋ ጠየቀች።

"በሌብነት ለሞተ እድሩ ድንኳን አይተክልም" አላት።

"ደንቡ ላይ የት ተጽፏል?"

"ባይጻፍም ይታወቃል። ደግሞስ ሬሳ የለም። በምን እናረጋግጣለን?"

ሚስቱ ጓዳ ነበረች። አልወጣችም።

ጥሩምባው አልተነፋም። ሰው አልመጣም። ሲጨልም አንዲት እስላም ጎረቤታችን፣ የሐዲድ ቀያሪው ሚስት ብቻ መጥታ "ኢና ሊላሂ" ብላ እናቴን አቅፋ አለቀሰችና ሄደች። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ወሬ ተጀመረ። ልጁ አልሞተም አሉ፤ ቆስሎ አምልጦ በገላፊ ኬላ በኩል ጅቡቲ ገብቷል። ወሬው ለሁሉም ተመቸ። ጅቡቲ ለገባ ሰው ለቅሶ አይደረስም። ከቤታችን የበላ ሁሉ፣ "ደህና ነው አሉ እኮ፣ እዚያ ሠርቶ አግኝቷል" እያለ በመንገድ ሲያገኘን ያጽናናን ጀመር። እናቴ አንድ ቀን ታምናለች፣ አንድ ቀን አታምንም። ለልጇ እርሟን ሳታወጣ ሞተች። እሷ ስትሞት ግን ድንኳኑ ከፀሐይ መውጫ በፊት ተተከለ፤ ዳኛውም ተነሥቶ ስለ ደግነቷ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። እኔ ያን ቀን እንባ አልወጣኝም። ሰው ታዘበኝ፤ እኔም ታዘብኩት።

ከዚያ ወደ ሰመራ እንድዛወር ጠየቅሁ። ሰመራ ያኔ ቢሮና ነፋስ ብቻ ነበረች፤ ማንም ሰው በፈቃዱ አይሄድባትም። በፈቃዴ ሄድኩ። እዚያው ጡረታ ወጣሁ።

የፊልሙ አዘጋጅ ያገኘኝም እዚያው ነው። ባለ ኮፍያ ወጣት፣ ከአዲስ አበባ በአዋሽ በኩል አድራሻዬን እየጠየቀ የመጣ። ገና ሳይቀመጥ፣ "ማዘር፣ የእናትዎን ፎቶ ፈልገን ነው" አለኝ።

"ፎቶዋን ሳታዩ ሽጉጥ አስይዛችኋታል። አሁን ምን ያደርግላችኋል?"

ሳቀ። "እሱ ፊልም ነው እኮ ማዘር። ሕዝቡ ወዶታል።"

"ሲጋራውስ?"

"ሲጋራው ለካራክተር ነው።"

"ታሪኩን ማን ነገረህ?"

"አዋሽ ሁሉም ሰው ያወራዋል። ልጁ ግን ጅቡቲ ነው ያለው ይላሉ። እኛ ነን የገደልነው፤ ለታሪኩ ሞት ይሻላል ብለን።"

"እናንተ አልገደላችሁትም" አልኩት።

አልገባውም። ስለ ክፍል ሁለት ይነግረኝ ጀመር። "የሚከፈተው ከለቅሶው ነው ማዘር። ድንኳን ተተክሎ፣ ከተማው በሙሉ ተሰብስቦ ለልጁ ያለቅሳል። ከዚያ እናትየው ለበቀል ትነሣለች።"

"ለቅሶ አልነበረም።"

"እንዴት?"

"ድንኳን አልተተከለም። ማንም አላለቀሰም።"

ራሱን ነቀነቀ። "እንደዚያ ካደረግነው ተመልካች አያምነንም። ልጅ ሞቶ ድንኳን የማይተከልበት አገር የት አለ?"

ያቀረብኩለት ውሃ ብቻ ነበር። ፎቶውንም አልሰጠሁትም። ሊሄድ ሲነሣ ግን ቀረጻው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። ለጎረቤቶቼ አዋሽ የምሄደው የድሮ ቤታችንን እንዳያበላሹት ለመጠበቅ ነው አልኩ። እውነቱ ሌላ ነበር። በሐሰትም ቢሆን፣ በሽፍታ ፊልምም ቢሆን፣ ለወንድሜ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ተሰብስቦ ሲያለቅስለት አንድ ጊዜ ማየት ፈለግሁ።

አዋሽ ስደርስ የድሮው ጣቢያ አጥር ዙሪያ ሰው ቆሞ ይስቃል። የፊልሙ ሰዎች ሰባት ናቸው፤ በአንድ ሚኒባስ ነው የመጡት። ጠመንጃዎቻቸው ከእንጨት ተጠርበው ጥቁር ቀለም የተቀቡ ናቸው። "እነዚህስ ደግ ሽፍቶች ናቸው" አለች መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት፤ "እህል ባያገኙ ጠመንጃውን አንድደው ሻይ ያፈላሉ።" ባቡሩ ከቆመ ስንት ዘመኑ፤ ፉርጎዎቹ ዝገው ሣር በቅሎባቸዋል። ባቡሩ የሚሄድ እንዲመስል ካሜራ የያዘው ልጅ ራሱን ያወዛውዛል፣ ሁለቱ ደግሞ በአካፋ አቧራ ይበትናሉ። እናቴን ሆና የምትጫወተው ልጅ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ሽበት እንዲሆናት ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሰውባታል። በአዋሽ ሙቀት ዱቄቱ ከላቧ ጋር እየተቦካ በግንባሯ ይወርዳል። ስታየኝ ደንገጥ ብላ፣ "እናትዎን ስላበላሸኋት ይቅርታ" አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት። በእሷ አልተቀየምኩም።

ለለቅሶው ብዙ ሰው ያስፈልጋቸዋል፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። አዘጋጁ ይህን ሲያማርር፣ ሥራውን የሚያስተባብርላቸው የአዋሽ ተወላጅ ሳቀበት።

"ሰው ምን ያደርግልሃል? ድንኳኑን ብቻ ትከል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ራሳቸው ይመጣሉ። እዚህ አገር ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። መጀመሪያ ገብቶ ይቀመጣል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠይቃል።"

ይህን ስሰማ አጠገባቸው ነበርኩ። ነውር ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም።

ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ከእድሩ ተዋሱ። ያኔ እኛን የከለከለን ያው እድር ነው። የአሁኑ ጸሐፊ ለቀረጻ መሆኑ ተነግሮት ፈቅዶ ሰጣቸውና በማግስቱ ማለዳ ለጉዳይ ወደ አዳማ ሄደ። ከእሱና ከአስተባባሪው በቀር ድንኳኑ የፊልሙ መሆኑን የሚያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም፤ ሰው ቀረጻ ያየው ጣቢያው ጋ ብቻ ነው። ድንኳኑ በማለዳ፣ አሁን ሰው በማይኖርበት የድሮው ቤታችን ደጃፍ ላይ ተተከለ። ካሜራውን ከቤቱ መስኮት ኋላ፣ በአንሶላ ጋርደው አቆሙት። እኔ ጥቁር ለብሼ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ተቀመጥኩ። ተዋናይዋም ዱቄት የነሰነሱበትን ፀጉሯን ገልጣ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከጎኔ ተቀመጠች።

"እርስዎ አክስት ነዎት ማዘር" አለኝ አዘጋጁ። "ምንም አይናገሩም። ዝም ማለት ብቻ ነው።"

"እሱን እንኳ ተክኜበታለሁ" አልኩት።

ቀድማ የመጣችው ያቺ ሻይ ሻጭ ናት። በራዷንና ብርጭቆዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። "እግዚአብሔር ያጽናዎት እማማ" ብላ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሁለት ሴቶች መጡ፣ ቀጥሎ የባቡሩ ጡረተኞች። ፍየሎቹን ወደ ገበያ የሚነዳ አንድ የአፋር ሽማግሌ ፍየሎቹን ከደጅ ለሰው ትቶ ገባ፤ አማርኛም ብዙ አልነበረውም፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አግዳሚዎቹ ሞሉ።

እኔን አልጠየቁኝም። እርስ በርሳቸው ተጠያየቁ፣ ራሳቸው መለሱ።

"መርዶው ከጅቡቲ ነው አይደል?"

"ከዚያ ነው እንጂ። ትናንት በገላፊ የገባ ሹፌር ነው ያመጣው አሉ።"

"ታሞ ነበር?"

"ስኳር ነው። እዚያ ሙቀት ላይ ስኳር መች ይምራል።"

"ያቺስ ማን ናት?"

"ሚስቱ ናታ። አታያትም? በአንድ ሌሊት ሸብታ።"

በሃያ ሦስት ዓመቱ በጥይት የሞተው ወንድሜ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ጅቡቲ ላይ ኖረ፣ አገባ፣ አረጀ፣ ስኳር ያዘው፣ ሞተ። ሴቶች እየተነሡ ተዋናይዋን ያቅፉና ያጽናኗት ጀመር። ልጅቱ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ በኋላ የእውነቷን አለቀሰች።

ከዚያ አንዲት ሴት ተነሥታ ሙሾ አወጣች። በልጅነቷ ጣሳ ይዛ ጓሯችን ትመጣ የነበረች ናት፤ አሁን የልጅ ልጅ አላት።

ሲርበን ያበላን፣ ሲጠማን ያጠጣ፣
ዛሬ መርዶው መጣ፣ እሱ ራሱ ሳይመጣ።

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ተቀበሏት። አርባ ዓመት ሙሉ ማንም የአዋሽ ሰው "አበላን" ሲል ሰምቼ አላውቅም። በጓሮ በር ገብተው በጓሮ በር የወጡት ነገር በአደባባይ ሲነገር ያን ቀን ሰማሁ። ሳላስበው ድምፄ ወጣ። እናቴም ትዝ አለችኝ። አለቀስኩ፤ እየጮኽኩ አለቀስኩ። ለካሜራው አልነበረም።

የሐዲድ ቀያሪው ሚስት ልጇ ደግፋት መጣች። ሰማንያ አልፏታል። አጠገቤ ተቀመጠችና ጆሮዬ ላይ ጠጋ አለች።

"ልጄ፣ ወላሂ በይኝ። መርዶ መጥቶልሻል?"

ለእሷ መዋሸት አልቻልኩም። "አልመጣም እማ። የፊልም ሰዎች ናቸው የተከሉት። ቀረጻ ነው።"

ድንኳኑን፣ ሰዉን፣ ዱቄት የወረደባትን ልጅ ዞር ዞር ብላ አየች። ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እነሱ ሥራቸውን ይሥሩ" አለች። "እኔ ለሱ ነው የመጣሁት። አላህ ይዘንለት። አብሽሪ።" ጉልበቷን አጥፋ ተመቻቸች።

ወደ አምስት ሰዓት ገደማ የድሮው ዳኛ መጣ። ሚስቱ ሞታለች። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ሲገባ ሰው ሁሉ ተነሣለት። እኔ አልተነሣሁም፤ ሐዘንተኛ አይነሣም። ፊት ለፊቴ ቦታ ለቀቁለት።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ነፍሱን ይማረው" አለ።

ራሴን ዝቅ አደረግሁ። ያ ድንኳን እንዲያ እንደነበረ ቢቀር ብዬ ተመኘሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ አዘጋጁ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከቤቱ ወጣ። ፊቱ በርቷል። "በቃ፣ አሪፍ ነው። ማዘር፣ ተሳክቶልናል። ልጆች፣ ድንኳኑን አውርዱት፣ ብርሃኑ ሳይቀየር ድልድዩ ጋ እንድረስ።"

ሻይ ሻጯ ናት መጀመሪያ የገባት። "ፊልም ነው እንዴ?" አለች። ተዋናይዋ እንባዋን ስትጠርግ ሽበቱ በእጇ ተነሣ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተቆጣ። ከባቡሩ ጡረተኞች አንዱ አዘጋጁን ክንዱን ያዘው።

"አንተ፣ እናት አለችህ?"

"አለችኝ አባባ።"

"ዕድሜ ይስጣት። እሷ ስትሞት አንተ ሬሳዋን ትተህ የምታየው ብርሃኑን ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አልኩ።

ሰዉ መነሣት ሲጀምር ዳኛው በምርኩዙ መሬቱን መታ። "ተቀመጡ" አለ። ዕድሜው ቢገፋም ድምፁ አልሞተም። ተቀመጡ።

"ድንኳኑ የእድሩ ነው" አለ። "ይህ ልጅ ጅቡቲ አልገባም። ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚሁ ነው የሞተው። ያኔ ድንኳን አልተተከለለትም። ዛሬ በስሕተትም ይሁን በቀልድ ተተክሎለታል። ሰልስቱ ሳይወጣ አይፈርስም። ሦስቱን ቀን እዚህ እንቀመጣለን።"

አዘጋጁ፣ "አባባ፣ ለዛሬ ብቻ ነበር የተዋስነው" ሲል፣ "አንተን አልጠየቅሁህም" አለው።

ማንም አልወጣም። ያ ሁሉ ሰው፣ ከቤታችን የበላውም የበሉት ልጆችም፣ ፊልም መሆኑን አውቆ ተቀመጠ። ከሰመራ ድረስ የመጣሁበት ነገር እጄ ገባ። የለበጣ ድንኳን አልነበረም አሁን፤ የወንድሜ ድንኳን ነበር። አንድ ቃል ሳልናገር ዝም ብዬ ብቀመጥ ይበቃ ነበር።

ዳኛው ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ እንደማጽናናት አድርጎ፣ "ያኔ ዘመኑ ነው ልጄ። ዘመኑ ክፉ ነበር" አለኝ።

ይህችን ባይጨምራት ኖሮ።

እናቴን አየኋት። ወንበር እንኳ ሳይሰጣት ቆማ "ደንቡ ላይ የት ተጽፏል?" ስትለው። ሚስቱ ጓዳ ሆና ስትሰማ።

"ዘመኑ አይደለም" አልኩት። "ዘመኑ እድር አይዳኝም። እርስዎ ነዎት። ቤትዎ ውስጥ የኛ ስንዴ እየተበላ ነው እናቴን የመለሷት።"

ዳኛው ምርኩዙን ወደ ራሱ ሳበ።

ሦስት ቀን ተቀምጦ፣ በሦስተኛው ቀን ንስሐ እንደገባ ሰው ቀሎት ወደ ቤቱ ሲሄድ ታየኝ። ሰዉም ሁሉ እንደዚያው። በአንድ ድንኳን፣ ያውም በፊልም ድንኳን፣ ሁሉም ነጻ ሊወጣ። አልቻልኩም።

"አፍርሱት" አልኩ።

የሐዲድ ቀያሪው ሚስት ቀሚሴን ሳበችኝ። "ተዪ ልጄ። ለሟቹ ነው እንጂ ለሰውዬው አይደለም።"

"አፍርሱት።"

ዳኛው፣ "ሐዘንተኛዋ እሷ ናት" አለ ለሰዉ። "ያለችው ይሁን።" ተነሣ። ሁለት ሰዎች ደገፉት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወጡ። በለቅሶ ቤት ወግ ሰው ሲወጣ አንድ ነገር ይላል፤ ያን ቀን ማንም ምንም አላለኝም። የአፋሩ ሽማግሌ ብቻ፣ ምን እንደተባለ ይግባው አይግባው እንጃ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወጣ። የፊልሙ ልጆች ካስማውን ነቀሉ። ሸራው ሲወርድ ፀሐዩ በአንድ ጊዜ ላያችን ላይ ወደቀ። እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ፤ በኋላ አግዳሚውንም ፈለጉት።

"እኔ ቤት ነዪ" አለችኝ አሮጊቷ። "የቀረውን ቀን እኔና አንቺ እንቀመጥለት።"

"መኪና ያመልጠኛል" አልኳት። ገና ሰባት ሰዓት አልሞላም ነበር፤ መኪናም ሞልቷል። ሰው በሰፈሩ እያየኝ እዚያ መቆየት አልፈለግሁም። በዚያው ቀን ወደ ሰመራ ተመለስኩ።

ክፍል ሁለት ወጥቷል። ለቅሶው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም አሉ፤ እኔም ከጀርባዬ እታያለሁ አሉ። አላየሁትም። አዘጋጁ ደውሎ ሕዝቡ በዚያ ቦታ ላይ እንደሚያለቅስ ነገረኝ። ዳኛው ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። አልቀበርኩትም፤ ለቅሶም አልደረስኩም። እስካሁን ስለ እሱ የሚጸጽተኝ ነገር የለም።

የሚከነክነኝ ሦስተኛው ቀን ነው።

ድንኳኑ ቢቆም ኖሮ የወንድሜ ሰልስት በሚሆንበት ጠዋት፣ ሰመራ ቤቴ ውስጥ ፍራሼን መሬት ላይ አወረድኩ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ነፋሱ አሸዋ እያመጣ መስተዋቱን ይመታ ነበር። ጥቁሬን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅሁ፣ ተቀመጥኩ። ያቺ ሴት ያወጣችውን ሙሾ ልለው ሞከርኩ። የመጀመሪያውን ስንኝ አልኩ። የሚቀበለኝ አልነበረም። ለቅሶ የሚሰጥና የሚቀበል ይፈልጋል፤ ብቻን ሲሆን የራስ ድምፅ ያሳፍራል። ተውኩት። እንዲሁ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

በሩ ተንኳኳ። ጎን ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ አስተማሪ ናት፣ ከደሴ የመጣች። የተዋሰችውን ጀሪካን ልትመልስ ነው። በሩን ስከፍት ነጠላዬን አየች፣ ከጀርባዬ ደግሞ መሬት ላይ ያለውን ፍራሽ አየች። ጀሪካኑን አስቀመጠች።

"እትዬ፣ ምነው? ሰው ሞቶብዎታል?"

ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ ሳብኩ።

"ለምን አልነገሩንም? አሁን ለሰፈሩ ሰው ልናገር። ብቻዎን እንዴት ይቀመጣሉ?" ሻርፗን ከትከሻዋ አንስታ ራሷ ላይ ማድረግ ጀምራ ነበር፤ ለመሄድ፣ በየበሩ ለማንኳኳት። ደግ ልጅ ናት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቤቴን ትሞላው ነበር። ማን ነው የሞተብዎት ይሉኛል። ወንድሜ ነው እላለሁ። መቼ? ይሉኛል። እንዴት ሞተ? ይሉኛል። ሌባ ነበር የሚለውን ቃል ከእኔ አፍ ይጠብቃሉ፤ ወይም እንዲህ መሰለኝ።

"የለም" አልኳት። "ማንም አልሞተብኝም። ነጠላዬን ሳላየው ነው የደረብኩት።"

አየችኝ። ዓይኔ ማበጡን እንዳየች አውቃለሁ። "እንግዲያስ ደህና" አለች ቀስ ብላ፤ ጀሪካኑን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ ሄደች።

በሩን ዘጋሁ። ፍራሹን አልጋው ላይ መለስኩ፤ ነጠላዬንም እንደ ወትሮው አስተካክዬ ለበስኩ።